የሐረጎ ቁልቁለትና ሁለቱ መካኒኮቼ

በእኛ ጊዜ መምህር ከሰው ቤት ሲገባ ያለው ሁሉ ብድግ ይልና ወንበር ይለቀቅለት ነበር። ነበር አልኩ? ላርመው፤ ዛሬም ይለቀቅለታል፣ ቢያንስ በእኛ በወሎ። አሁን እናንተ ራሳችሁ ገና ከበሩ ሳልገባ ምን አላችሁኝ? «ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አላችሁኝ፤ እኔም ለአፍታ ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ፣ አላህ ያክብራችሁ። ግን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ከመኪናዬ ጣጣ ወዲህ ሰው ወንበር ሲያቀርብልኝ ልቤ ትንሽ ይሰጋል። ሳቃችሁ? ሳቁ ግዴለም። ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

መኪናዬን ታውቋታላችሁ፤ ያቺ ነጭ፣ አሮጌ የቤት መኪና፣ በቤንዚን የምትሄደው፣ የዛሬዎቹ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ያልነካት፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅልላት ያ የድሮው ካርቡሬተር የሆነ። ጡረታ ስወጣ ነው የያዝኳት። የለም፣ ጡረታ ከመውጣቴ ትንሽ ቀደም ብዬ ነው። ታዲያ መኪና ምን ያደርግልሃል፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባሱ ይመላለስ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ለእኔማ ምንም አያደርግልኝም፤ ለዘሀራ ነው። ባለቤቴ ዘሀራ ደጃፋችን ላይ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አጥንቱስ ገጠመ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ግን ቀኝ እግሯ አልታጠፍ አለ። ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ እግር ዘርግቶ መቀመጥ የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቃላችሁ። በእኛ መኪና የፊተኛውን መቀመጫ ወደ ኋላ ስገፋላት እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። «ኮንትራት ያዙ» ያሉን ነበሩ፤ እሷ ግን፣ «ሐረጎን እንደ ጥይት ከሚወርድ ጎረምሳ ጋር አልሄድም፤ አንድ ጊዜ ወድቄአለሁ፣ ይበቃኛል። እኔ የምሄደው እንደ ኤሊ ከሚነዳው ከዚህ ሰውዬ ጋር ነው» ትላለች። ሰውዬው እኔ ነኝ።

የምትሄደውስ የት ነው? ደጋን ነው፣ ከኮምቦልቻ አልፎ። ታላቅ እህቷ እትዬ ፋጡማ እዚያ ናት። ዘሀራን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። እና የእትዬ ፋጡማ ዓይን እየደከመ፣ እየደከመ ሄደ፤ ሐኪሙም የጠፋው አይመለስም ብሏታል። አንድ ቀን ታዲያ በስልክ፣ «ዘሀራ፣ ሰው ከፊቴ ሲቆም አሁን አሁን ጥላ ሆኖብኛል። ድምፅሽንማ እሰማዋለሁ። ፊትሽን ነው የምፈልገው፤ ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ነይ» አለቻት። ወደ ደሴ እንዳናመጣት ደረቷ ብርድ አይችልም። ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሁለት አሮጊቶች፣ አሮጊት አልኩ እንዴ፣ ዘሀራ እንዳትሰማኝ፣ ሁለት እህትማማቾች፣ አንዷ መሄድ አቅቷት፣ አንዷ ማየት እያቃታት፣ በመካከል እኔና ያቺ መኪና አለን።

በመጀመሪያው ጉዞ ማልደን ተነሳንና ሐረጎን ወረድን። ሐረጎ እንደምታውቁት ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፤ እኔ ደግሞ ዘሀራን ይዤ እግሬን ከፍሬን ላይ አላነሳም። ታዲያ ዘሀራ ከጎኔ ሆና፣ «አንተ ሰውዬ፣ እግርህን ባሳረፍክ ቁጥር አንድ ነገር ይተነፍሳል» አለችኝ። እኔ ፍሬን አበዛህ ብላ አነዳዴን የምትነቅፈኝ መሰለኝ፤ ትነቅፈኛለችና። «እተነፍሳለሁ እንጂ፣ ሰው አይደለሁም?» አልኳት።

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ከፊታችን ከባድ መኪና ቆሞ ነበርና ቆምን። ልንነሳ ስንል ሞተሩ ተንተፋተፈ፣ ቤንዚን ብረግጥለት እንዳስነጠሰው ሰው «እጥሽ» አለና ሞተ። ሞተ አይባልም፣ ይቅርታ፤ ጠፋ ነው የሚባለው፣ ቁልፉን ሳዞር ተነስቷልና። ተነስቶ ደግሞ ጥቂት እንደሄደ መልሶ ጠፋ። ከኋላችን ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል። እንደምንም ብዬ ሰይድ ጋ አደረስኳት።

ሰይድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ጋራዥ ከፍቷል። መኪና ይዤ ስመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ምን ይመስላችኋል? መኪናውን ማየት እንዳይመስላችሁ። «ጋሼ፣ ይውረዱ፣ ይውረዱ፤ ፀሐይ ላይ አይሁኑብኝ» ይልና ክንዴን ይዞ ያወርደኛል። ከጥላው ሥር ትራስ ያለው ወንበር አለው፤ እዚያ ያስቀምጠኛል፣ ሻይ ያስመጣል። ዘሀራን ደግሞ አንገቱን ደፍቶ፣ «አሰላሙ አለይኩም እማማ፣ እንዴት ዋሉ» ይልና ያልፋል። ቀና ብሎ አያያትም፣ ምን ሰማሽ ምን አየሽ ብሎ አይጠይቃትም፤ አደብ ያለው ልጅ ነው። እሷ መውረድ ስለማይሆንላት እዚያው መኪናዋ ውስጥ ትቀራለች፣ እኔ ሻይ እጠጣለሁ።

ታዲያ ሰይድ ለሞተሩ እሳት ከሚሰጡት ካንዴላዎች አንዱን ፈታና ጫፉን አሳየኝ። እንደ ጠመኔ ነጥቷል። «አዩት ጋሼ? ይህ ቡናማ መሆን ነበረበት። እንዲህ ሲነጣ ሞተሩ አየር በዝቶበታል፣ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ተርቧል። ርሃቡ ደግሞ ያግለዋል፣ ያስነጥሰዋል፣ በመጨረሻ ያጠፋዋል። ማን ነው ቤንዚኑን እንዲህ የቆጠበበት?»

«ደሴ ይማም ነው የሚያየው» አልኩ።

«ይማም» አለ፤ አለና ወደ ሐረጎ ዞሮ አየ። «ጋሼ፣ ይማም ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ብርዱ ጭንቅላቱ ገብቷል።»

እና ካቻቪቴውን ይዞ የካርቡሬተሩን ማስተካከያ ቡሎን አዞረ፣ ቤንዚኑን ጨመረለት፣ ሞተሩም ግቢው ውስጥ ልስልስ ብሎ ሠራ። ከዚያ ቡሎኑን ቀይ ቀለም ቀባው። «ይህ ምልክቴ ነው፤ ማንም ቢነካው አውቃለሁ» አለኝ። ተመሰጋግነን ወጣን። ከከተማው መውጫ፣ ገበያው አጠገብ፣ ሰው እየተሻገረ ቆም፣ ሄድ፣ ቆም፣ ሄድ ስንል ያው መንተፋተፍ፣ ያው ማስነጠስ፣ ያው መጥፋት። ዘሀራ ገበያተኛውን አየች፣ መንገዱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «መልሰኝ» አለች። እህቷ ጋ ደውላ ምን እንዳለቻት አልነግራችሁም። እህቷም፣ «አብሽሪ፣ ሌላ ቀን ትመጫለሽ» ነው ያለቻት።

ሐረጎን መልሰን ስንወጣ ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም። ነገር ግን ከኋላችን ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ እኔ ነኝ ያለ የጭነት መኪና እንደዚያ አይጨስም፤ ከኋላ የነበሩት አፍንጫቸውን ይዘው ነው ያለፉን።

ደሴ ይማም ጋ ገባሁ። ይማምም ተማሪዬ ነው፤ ሁለቱ አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው፣ አንድ ወንበር ላይ። የለም፣ አንድ ወንበር ላይ አይደለም፣ ፊትና ኋላ ነበሩ፤ ያኔም ይነታረኩ ነበር። ይማም ደግሞ ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ ረጅም መቀመጫ አለው። «ጋሼ፣ ከዚያ ብርድ ይውጡ፣ ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለና አስቀመጠኝ፣ ጋቢ ደረበልኝ። ኮፈኑን ከፈተ። ቀዩን ቀለም አየ።

«ጋሼ፣ ይህን ቀለም የቀባው ማን ነው?»

«ሰይድ ነው፤ ቤንዚን አንሷታል ብሎ...»

«አንሷታል? ጋሼ፣ ደሴ እኮ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ላይ ቤንዚን ሲጨመር ነው እንዲህ የሚያጨሳት። ያ የቆላ ልጅ እዚያ ታች አየሩ ወፍራም ስለሆነ ሁሉም አገር ኮምቦልቻ ይመስለዋል።» እና ቤንዚኑን ቀነሰ፤ ቀዩን ቀለም ፋቀና በነጭ ቀባው። ከዚያ ራሱ ይዟት ወጣ፣ እስከ ሆጤ ደርሶ ተመለሰ። «ምንም የላትም ጋሼ፤ እንደ ሙሽራ ናት» አለኝ። ይማም ሲነዳ ታውቁታላችሁ፤ ፍሬን መያዝ አያውቅም፣ ሰውን በጥሩምባ እየበተነ ነው የሚያልፈው። ምንም ሊያገኝባት አልቻለም።

ሁለተኛው ጉዞ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው፤ ሐረጎን ወረድን፣ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ አስነጠሰች፣ ጠፋች። ሰይድ፣ «ይውረዱ ጋሼ» አለ፣ ወረድኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ሻይ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ ነጩን ቀለም ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ይደውሉለት» አለ።

«ለማን?»

«ለዚያ ለብርዳሙ።»

እኔም ደወልኩ። ስልኩን ለሰይድ ልስጠው ብል፣ «እኔ እሱን አላናግርም» አለ፤ ይማምም፣ «ከጋሼ ጋር ብቻ ነው የማወራው» አለ። ታዲያ እዚያ ትራስ ላይ ተቀምጬ ስልኩን በጆሮዬ ይዤ በሁለቱ መካከል መልእክተኛ ሆንኩ።

ሰይድ፣ «ይበሉት ጋሼ፤ ካርቡሬተር መንካት ካላወቅህ ጎማ ንፋ ይበሉት» ይላል።

እኔ፣ «ይማም፣ ሰይድ ሰላም ይልሃል፤ ቤንዚኑ ትንሽ ያነሰ ይመስላል ይላል» እላለሁ።

ይማም፣ «እሱ ያለው ይህን አይደለም፣ ሰምቼዋለሁ። ይበሉት ጋሼ፤ ያንተ ጭስ ደሴን አጠቆረው፤ አንተ ድሮም የደብተርህን ሉክ በቀለም ታበላሽ ነበር ይበሉት።»

እኔ፣ «ሰይድ፣ ይማምም ሰላም ይልሃል።»

ከመኪናዋ ውስጥ ዘሀራ፣ «ሰላምታው ካለቀ ፀሐዩ እያቃጠለኝ ነው» አለች።

በስተመጨረሻ ምን ላይ ተስማሙ መሰላችሁ? ስሙኝ፣ ይህን ስሙኝ። ሁለቱም ትክክል ነን ላይ ተስማሙ። ለደሴ የተስተካከለ ለኮምቦልቻ ያንሳል፣ ለኮምቦልቻ የተስተካከለ ለደሴ ይበዛል። እውነት ነው፣ ሐሰት አልተናገሩም። እና መፍትሔው፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ሐረጎ መሐል ላይ ቆመው ይህችን ታህል ያዙሩት፤ ሲወርዱ ወደ ግራ፣ ሲወጡ ወደ ቀኝ» ሆነ። ካቻቪቴ ሰጡኝ! እኔ፣ ዕድሜ ልኬን ጠመኔ የያዝኩ ሰው፣ ሐረጎ ላይ ከመንገድ ዳር ኮፈን ከፍቼ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ፣ ቡሎን ሳዞር አስቡኝ። አንድ የሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «አባባ፣ ምን ጠፋብዎ?» አለኝ። ልቤ ነው የጠፋብኝ ልለው ነበር፤ አላልኩትም፣ አልፎ ሄዷል።

ያን ቀንም ደጋን ሳንደርስ ተመለስን፤ በሦስተኛው ጉዞ ግን አዞርኩ። እንዳሉኝ አዞርኩ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ጠፋች።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ዘሀራ አነዳዴን እንኳ አልነቀፈችም። ዘሀራ ስትቆጣ ይሻለኛል። ማታ... ማታ አይደለም፣ ገና መግሪብ ሳይደርስ እትዬ ፋጡማ ደወለች። እኔ ነበርኩ ስልኩን ያነሳሁት። «እንድሪስ» አለችኝ፤ «ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ መጥታ ከፊቴ ቆማ፣ እስክትናገር ድረስ ማን እንደሆነች አላወቅኋትም። ለዘሀራ እንዳትነግራት።» አልነገርኳትም። ነገር ግን ዘሀራ ፊቴን አይታ አወቀች። «ነገ እንሄዳለን» አለች፤ «ብትጠፋም እየገፋህ ትወስደኛለህ።»

በማግሥቱ ሐረጎን ስንወርድ እኔ ከወትሮው የባሰ ፍሬን ላይ ነበርኩ። «አሁንም ይተነፍሳል» አለች ዘሀራ።

«ዘሀራ፣ በአላህ፣ ዛሬ አትንቀፊኝ» አልኳት።

«አልነቀፍኩህም፤ የሰማሁትን ነው የነገርኩህ። ከእግርህ ሥር ነው። ማን ይሰማኛል» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ኮምቦልቻ ስንደርስ እየጠፋች፣ እየተነሳች፣ ሰይድ ግቢ ገባን። ሰይድ ገና ከሩቅ ሲያየን ወንበሩን እያራገፈ ነው። «ጋሼ፣ ይውረዱ፣ ይውረዱ።» በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን ሳወጣ ዘሀራ እጅጌዬን ያዘች።

«የት ነው?»

«ሰይድ ይይ እንጂ መኪናዋን...»

«ይይ። አንተ ግን አትወርድም። በመጣን ቁጥር አንተ ጥላ ሥር ትራስ ላይ ሻይ ትጠጣለህ፣ እኔ እዚህ ፀሐይ ላይ ብቻዬን እደርቃለሁ። ዛሬ እኔ ካልወረድኩ አንተም አትወርድም። ቁጭ በል።»

«ጋሼ፣ ነውር ነው፣ እርስዎ መኪና ውስጥ ተቀምጠው እኔ ቆሜ...» አለ ሰይድ፣ አሁንም መሬት መሬቱን እያየ።

«ልጄ፣ እኔንም ነውር አድርገህ ቁጠረኝና ሥራህን ሥራ» አለችው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሰይድ በቀጥታ የተናገረችው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ።

ተቀመጥኩ። የሰይድ ግቢ ደግሞ ወደ መንገዱ ያዘነበለ ነው፣ የእጅ ፍሬኔም እንደ እኔው ጡረታ የወጣ ነው፤ ስለዚህ እንዳትንሸራተት እግሬን ፍሬን ላይ አሳርፌ ያዝኳት። ሰይድ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ላይ አጎነበሰ። ሞተሩ ይንተፋተፋል።

«ጋሼ፣ ቤንዚን ነክተዋል?»

«አልነካሁም።»

«ምን ነካኩ ታዲያ? ገና ሳልነካው ሊጠፋ ነው።»

«ምንም። ፍሬን ብቻ ነው የያዝኩት።»

ሰይድ ካጎነበሰበት ቀና አለ። ከኮፈኑ ጀርባ ፊቱ አይታየኝም። ቀስ ብሎ አንድ ድንጋይ አመጣና ከጎማው ሥር ሸጎጠ። «ጋሼ፣ እስቲ እግርዎን ያንሱ።» አነሳሁ። ሞተሩ ልስልስ አለ። «ይርገጡ።» ረገጥኩ። ተንተፋተፈ። «ያንሱ። ይርገጡ።» እንደ ሕፃን ልጅ ጨዋታ አንሳ፣ ርገጥ፣ አንሳ፣ ርገጥ አደረገኝ። ከዚያ መጣና ከበሩ ሥር ተንበርክኮ ጆሮውን ወደ እግሬ አስጠጋ። «ይርገጡ» አለ። ሁላችንም ሰማነው፤ ሽሽሽሽ የሚል ነገር፣ አየር ሲሳብ።

«ይተነፍሳል» አለች ዘሀራ፣ ወደ መስኮቱ እንደዞረች።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሰይድ እንዳስረዳኝ። ከሞተሩ ኋላ፣ ከፔዳሉ ፊት ለፊት፣ አንድ ክብ ቆርቆሮ አለ፤ ፍሬን ስንረግጥ እግራችንን የሚያግዘን እሱ ነው፣ ከሞተሩ ጋርም በጎማ ቱቦ የተያያዘ ነው። ውስጡ ያለው ላስቲክ ተቀዷል። ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር በዚያ ቀዳዳ ወደ ሞተሩ ያልተጠራ አየር ይገባል፤ አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይራባል፣ ያስነጥሳል፣ ይጠፋል። እግሬን ሳነሳ ጤነኛ ነው። ሰይድ ቱቦውን በፒንሳ ቆንጥጦ ያዘና፣ «አሁን ይርገጡ» አለኝ፤ ረገጥኩ፣ ሞተሩ ንቅንቅ አላለም፣ ፔዳሉ ግን እንደ ድንጋይ ደረቀብኝ።

እና ይህን ጊዜ ነው የሰይድ ፊት የገረጣው። «ጋሼ፣ በዚህ ነው ሐረጎን የወረዱት?»

«በዚህ ነው።»

«ስንት ጊዜ... ሱብሐነላህ። ይህ ላስቲክ መንገድ ላይ ጨርሶ ቢተረተር ኖሮ ፍሬኑ እንዲህ ነበር የሚደርቅብዎ። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ።» ዘሀራ እጇን እጄ ላይ አሳረፈች፤ እኔ እንደ ኤሊ የምነዳው፣ እሷን ከጎረምሳ ያዳንኩ የመሰለኝ እኔ።

ሰይድ ይማም ጋ ደወለ። በራሱ ስልክ፣ ራሱ። «ይማም፣ አገኘሁት፤ የፍሬኑ አጋዥ ነው አየር የሚያስገባው። ጋሼ ፍሬን ሲረግጡ ብቻ ነው» አለ። ይማም ድምፁ እኔ ድረስ እየተሰማ፣ «ወላሂ ሰይድ፣ እኔ ጋ አንድ ቀን ረግጠው አያውቁም፤ ገና ሲገቡ አውርጄ አስቀምጣቸዋለሁ» አለ። «እኔስ» አለ ሰይድ። አያችሁ? እኔ ነጂው፣ በሽታው ከእግሬ ሥር የነበረው፣ ሁልጊዜ ትራስና ጋቢ ውስጥ ነበርኩ። ተማሪዎቼ ሲያከብሩኝ ሊገድሉኝ ነበር። ከባድ ቃል ነው፣ ላለዝበው፤ አክብሮታቸው ትንሽ ቢቀንስልኝ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ደጋን እደርስ ነበር።

ሰይድ ከአንድ ከተጣለች መኪና ላይ ደህናውን አጋዥ ፈትቶ አምጥቶ እስኪገጥም የአሱር ሶላት ደረሰ። ዘሀራን ከሰይድ ቤት ከመጡ ሴቶች ጋር ደግፈን አወረድናትና ያን ባለ ትራስ ወንበር እሷ ተቀመጠችበት፣ እግሯን በሌላ ወንበር ዘርግታ፣ ሻዩን እየጠጣች። እኔ ቆሜ ዋልኩ። ሰይድ ሦስት ጊዜ ወንበር አመጣልኝ፤ ሦስት አልኩ እንዴ፣ አልቆጠርኩትም፣ ብቻ ባመጣ ቁጥር እንቢ አልኩት። በመጨረሻ በይማም ምክር ቡሎኑን ወደ መካከል መለሰውና ቀለሙን ሁሉ አራግፎ ሳይቀባው ተወው።

ደጋን ስንገባ ፀሐይ ሊጠልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እትዬ ፋጡማ የመኪናዋን ድምፅ ሰምታ ከደጃፉ ወጥታ ቆማለች፣ እጇን ወደፊት ዘርግታ። ዘሀራን ደግፌ አቀረብኳት። ፋጡማ የእህቷን ጉንጭ በሁለት እጆቿ ያዘች፣ ወደ ፀሐዩ አዞረቻት፣ በጣም ተጠጋቻት፣ አፍንጫቸው ሊነካካ ደረሰ። አየቻት፤ እያየቻት ቆየች።

«አርጅተሻል» አለቻት።

«አይተሽኛል ማለት ነው» አለች ዘሀራ። ከዚያ ሁለቱም ተላቀሱ፤ የለም፣ መጀመሪያ ሳቁ፣ ለቅሶው ኋላ ነው የመጣው።

ፋጡማ ዓይኗን ስታብስ፣ «እንድሪስስ የታለ? ለመምህሩ ወንበር አምጡለት እንጂ» አለች።

«አልቀመጥም» አልኩ።

«ምን ሆኗል ይህ ሰው?»

«ተይው» አለች ዘሀራ፤ «ወንበር አይስማማውም።»

እንግዲህ ታሪኩ ይኸው ነው። እኔ የምለው፣ አክብሩ፣ ሰው ማክበር ደግ ነው፣ ከእኛ ነው የተማራችሁት። ነገር ግን አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ እዚያው ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁ፤ ወንዱን ብቻ አይደለም፣ ከጎኑ ያለችውንም። አሁን በየሳምንቱ ደጋን እንሄዳለን፤ ፋጡማ የምታየው ቢቀንስም ዘሀራን በእጇም በዓይኗም ታውቃታለች። ዛሬም ወደዚያው ነን፤ እናንተን ሰላም ልበል ብዬ ለአፍታ ነው የ...

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ውጭ ጥሩምባ የሚነፋው የእርስዎ መኪና አይደለም?»

የእኔ ነው። ላ ኢላሃ ኢለላህ።

«እማማ እስካሁን መኪናው ውስጥ ናቸው እንዴ?»

አትሳቁ፣ አትሳቁ፤ ይልቅ ከዚህ ወንበር አስነሱኝ።